ማሽኑ እስኪድን

ሐምሌ 9 ቀን 1980፣ ቅዳሜ
ሮተርዳም፣ ሻርሎይስ

ኮምፒዩተሬን ዛሬ በገዛ እጄ ገደልኩት። ነገሩን ከሥሩ ልጻፈው፤ ስጽፈው ይገለጥልኝ ይሆናል።

ማሽኑን ጥቅምት ላይ ከአንድ የኢንዶኔዥያ ተማሪ ነው የገዛሁት። ትምህርቱን ጨርሶ አገሩ ሊገባ ሲል «የኔን ጽሑፍ አስጨርሶኛል፤ ያንተንም ያስጨርስህ» ብሎ መርቆ ሰጠኝ። አራት ዓመት የለፋሁበት የአዋሽ ሸለቆ የመስኖ ውኃ ክፍፍል፣ የዶክትሬት ጽሑፌ ማለት ነው፣ ከመደምደሚያው በቀር አልቆ እሱ ሆድ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። እነሱ ሴፕቴምበር በሚሉት ወር አጋማሽ ዴን ሃግ ከተማ ላለው ተቋማችን ማስረከብ አለብኝ። ቀኑ ካለፈ የትምህርት ዕድሉም ዲግሪውም ቀረ ማለት ነው።

የምጽፍበት ፕሮግራም የግርጌ ማስታወሻን በየገጹ እግር ላይ ማስቀመጥ አይችልም። አዲስ የወጣው ይችላል፤ ግን በአሮጌ ዶስ አልሠራም ይላል። ዶስ ማሽኑ ሲነሳ መጀመሪያ የሚያነበውና ሌላውን ሁሉ የሚያዘው ሲስተም ነው። ስለዚህ አዲስ ዶስ አመጣሁ። ሰሞኑን የነካኋቸውን ምዕራፎች ወደ ፍሎፒ ዲስክ ገለበጥኩ፤ ያን ያህል ጅል አይደለሁም። ከዚያ መጫን ጀመርኩ። ግማሽ መንገድ ደርሶ «ለሲስተሙ የሚበቃ ቦታ የለም» አለ። አጥፍቼ ባበራው አሮጌውም የለም፣ አዲሱም የለም። ጥቁር መስታወት ብቻ።

ተሻለች፣ ባለቤቴ፣ ሆግቭሊት ካለው የአረጋውያን መጦሪያ ከሥራዋ ስትመለስ እንዲሁ መስታወቱ ላይ አፍጥጬ አገኘችኝ።

«ማስታወሻዎቹን መጨረሻ ላይ ብትሰበስባቸውስ?» አለች።

«ፕሮፌሰሩም እንደዚያ ብለውኛል። እኔ ግን ጎዶሎ ሥራ አልወድም።»

«እሱንማ አሳምሬ አውቃለሁ» ብላ ጫማዋን አወለቀች።


ሐምሌ 11፣ ሰኞ

የዶሱን መመሪያ መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። ሆላንድኛ ነው። ዲስኩን ጠርጎ ባዶ አድርጎ እንደገና መሥራት ግድ ነው ይላል። ይሁን። ጠረግኩት።

በፍሎፒ ሲነሳ እንደ ልማዱ ቀን ጠየቀኝ። የራሱ ሰዓት ስለሌለው በተነሳ ቁጥር «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» ይላል። ከገዛሁት ጊዜ ጀምሮ የኛን ቀን ነው የምሰጠው። ከቤት ስወጣ ቀኑ የነሱ ነው። ትራሙም፣ ኸሜንተ የሚሉት ማዘጋጃ ቤታቸውም፣ ፕሮፌሰሩም በነሱ ቀን ነው የሚሄዱት። እቤቴ ውስጥ አንድ ዕቃ እንኳ በኔ ቀን ይነሳ። 11-11-1980 ብዬ ጻፍኩለት፤ ሳይከራከር ተቀበለ። ተሻለች በዚህ ነገር ትስቅብኛለች። «ማሽኑን ክርስትና አንሳው ደግሞ» ትለኛለች።


ሐምሌ 17፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ።

ተጭኖ አለቀ ስል ሦስተኛው ዲስክ ላይ ይቆማል። ሁልጊዜ ሦስተኛው ላይ። «ማንበብ አልቻልኩም» ይላል። ድጋሚ። ድጋሚ።

ትናንት አበጋዝ የሚባል ሰው ደውሎ ነበር። ተሻለች ናት ያነሳችው። የጋሽ ሽባባው የመሥሪያ ቤት ባልደረባ ነው፤ ለሦስት ወር ሥልጠና ዴን ሃግ መጥቷል። «ማንደፍሮን በአካል ማግኘት አለብኝ» ብሎ ቁጥሩን ትቷል። ምን እንደሚፈልግ ይገባኛል። ጋሽ ሽባባው ታላቅ ወንድሜ ናቸው፤ መንግሥት ሲልከኝ ዋስ ሆነው የፈረሙልኝ እሳቸው ናቸው። ተምሬ ሳልመለስ ብቀር የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው። ተሻለች ደግሞ በሱዳን በኩል በእግሯ ወጥታ እዚህ ጥገኝነት ያገኘች ሴት ናት። እሷ መመለስ አትችልም። መጋባታችንን ለጋሽ ሽባባው አልጻፍኩላቸውም። በደብዳቤ የሚነገር ነገር አይደለም። ጽሑፉ ይለቅና ሁሉም በየተራው ይነገራል።

አሁን ከአበጋዝ ጋር ተቀምጬ «መቼ ነው የምትመለሰው?» ሲለኝ መልስ የምፈልግበት ጊዜ የለኝም። ማሽኑ ይዳን፣ እደውልለታለሁ።


ሐምሌ 21፣ ባቡር ውስጥ

በተቋሙ ኮምፒዩተር ክፍል ሦስተኛውን ዲስክ ሞከርኩት። ያለ ምንም ችግር ተነበበ! እንግዲህ በሽታው ከዲስኩ ሳይሆን ከኔ ማሽን ነው። ጥሩ። ጠላቴን አወቅሁ።

ስወጣ ኮሪደሩ ላይ እንደኔ የዶክትሬት ተማሪ የሆነው ይሁኔ ለአንድ አዲስ ተማሪ ስለኔ ሲያወራ ሰማሁት። «ማንደፍሮ? እሱ እኮ ጽሑፉን ሊጨርሰው አይደለም የያዘው፤ ሊያሳድገው ነው።» ሳቁ። እኔም ላልፍ ስል ሳቅሁ። ይሁኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ያንኑ አንድ ምዕራፍ ታቅፎ ነው ይህን የሚለው።

ፕሮፌሰሩ ደግሞ ደረጃው ላይ አግኝተውኝ «ምን ደረሰ?» አሉኝ። «ሲስተም እየጫንኩ ነው» አልኳቸው። «መደምደሚያውን በእጅ ጽሑፍ ብታመጣውም አነበዋለሁ» አሉ። ደግ ሰው ናቸው፤ ግን የሥራን ወግ አያውቁም።


ሐምሌ 30፣ ቅዳሜ

ማሽኑን ፈትቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። ተሻለች ምግቧን ጭኗ ላይ አድርጋ በላች። ዲስክ የሚያነበው ክፍል ጫፉ ላይ ቡናማ ነገር ጋግሮበታል፤ የኢንዶኔዥያው ሰው ቅርንፉድ ያለበት ሲጋራ ነበር የሚያጨሰው። ማሽኑ ጢስ ለምዷል። ተሻለች ቦርሳዋን ከፍታ መርፌ ሲወጉ ቆዳ የሚጠርጉበትን አልኮልና ጥጥ አወጣች።

«ዛሬ ላተ ዲንስት ነኝ፣ ማታ ነው የምገባው» አለች። «አሁን አብረን እንጥረገው።»

እሷ ጥጡን እየነከረች ስታቀብለኝ እኔ ጠረግኩ። በዚህ ዓመት አብረን የሠራነው ሥራ ቢኖር ይኸው ነው ብል አልዋሸሁም። ደስ የሚል ከሰዓት ነበር።


ነሐሴ 4፣ ረቡዕ

ተነሳ!!!

ሦስተኛው ዲስክ አለፈ፣ አራተኛውም አለፈ። ያለ ፍሎፒ፣ በራሱ ሆድ፣ በአዲሱ ዶስ ተነሳ። ቀኑን ጠየቀኝ፤ 4-12-1980 አልኩት። ብቻዬን አጨበጨብኩ። ፎቅ ቤት ያሉት ሆላንዳዊት አሮጊት ወለሉን በዱላ መቱ።

አሁን ጽሑፉን መመለስ ብቻ ነው። ሁለት ጥቅል ፍሎፒ አለኝ። አንዱ ሚያዝያ ላይ በተቋሙ ማሽን ከፍቼ እንደገና ያስቀመጥኩት ነው፤ ሠንጠረዡ፣ ካርታው፣ ሁሉም አለበት። ሁለተኛው ከዚያ በኋላ እስከ ሐምሌ እቤት ያሻሻልኳቸው ምዕራፎች ናቸው። መጽሐፉ ግሩም ትእዛዝ አስተምሮኛል፤ ሁለት ተመሳሳይ ስም ሲያገኝ ቀናቸውን አይቶ አዲሱን ብቻ የሚያስቀር። ሁለቱንም ጥቅሎች በተራ አስገብቼ እሱ ራሱ እንዲለይ ለቀቅሁት። ለምን በእጄ እየመረጥኩ ልሳሳት?


ነሐሴ 6፣ ዓርብ

ምዕራፍ አምስት የለም።

አለ፤ ግን የሚያዝያው ነው። ግንቦት፣ ሰኔና ሐምሌ የሠራሁት፣ ስለ ቀበሌዎቹ ውኃ አከፋፋዮች የጻፍኩት፣ የጽሑፉ ልብ የሆነው ጠፍቷል። ምዕራፍ ሦስትም እንደዚያው። አዲሱን ያስቀራል የተባለው ትእዛዝ አዲሱን አጥፍቶ አሮጌውን አስቀርቷል።

የቤቱ ፍሎፒ እጄ ላይ መሆኑን አውቃለሁ፤ ምዕራፉ እዚያ ላይ አለ። ግን ነገሩ እሱ አይደለም። አዲስና አሮጌ በማይለይ ሲስተም ላይ እንዴት አድርጌ ጽሑፌን እሠራለሁ? ነገ ሌላ ቢበላብኝስ? በደንብ አልተጫነም ማለት ነው። ከሥሩ እንደገና እጭነዋለሁ። በዚህ ዕቃ አልሸነፍም።


ነሐሴ 7፣ ቅዳሜ

አበጋዝ እንደገና ደወለ። ማሽኑን ጠርጌ ሁለተኛውን ዲስክ እያስገባሁ ነበር። ተሻለች ስልኩን በእጇ ሸፍና አየችኝ። የለም በይው ብዬ በእጄ ጠቆምኳት።

ከዘጋች በኋላ «ከነሐሴ አጋማሽ በፊት ቢያገኘኝ ይላል» አለች። «ድምፁ የቸኮለ ሰው ድምፅ ነው።»

«ምን እንዳለው አልነገረሽም?»

«እኔ ማን ነኝ ብዬው ይንገረኝ? ‹አንቺ ማነሽ?› ሲለኝ ‹የቤቱ ሰው ነኝ› ነው ያልኩት።»

ይህን ስትል ፊቷን አላየሁትም። ዲስኩን ጨረስኩ።


ነሐሴ 15፣ እሑድ

ሁለተኛ ጊዜ ተጭኗል። ያው ነው። አሮጌውን ያስቀራል።

ተሻለች የፍልሰታን ጾም በሱባኤ ነው የያዘችው። ከቅዳሴ ስትመለስ ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ ከኋላዬ ቆመች።

«ማንዴ፣ ምዕራፉ ፍሎፒው ላይ አለ አይደል?»

«አለ።»

«ማተሚያው ይሠራል?»

«ይሠራል። ግን ሲስተሙ…»

«ሲስተሙን አልጠየቅኩህም። ማሽኑ ሲድን ምን ልታደርግ ነው?»

«ጽሑፌን ላስረክብ ነዋ።»

«ከዚያስ?»

ቁጣ መጣብኝ፤ ለሥራዬ ክብር የላትም አልኩ በሆዴ። እሷ ግን አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻል ነበር። «እኔ በእግሬ ድንበር ስሻገር ምን እንደምፈልግ አውቅ ነበር» አለችና ገብታ ተኛች። እኔም ከዚያ ወዲህ ምንም አልሠራሁም። ይህንን ብቻ ነው የጻፍኩት።


ነሐሴ 24

ሦስተኛ ጊዜ ጫንኩ። ያው።

ዛሬ አበጋዝ አልደወለም። ከነሐሴ 7 ወዲህ ደውሎ አያውቅም፤ አጋማሹም አልፏል። ተገላገልኩ።


ጳጉሜ 1፣ ማክሰኞ

ጠዋት ማሽኑን አበራሁ። ቀን ጠየቀኝ። 1-13-1980 አልኩት።

«ቀኑ ትክክል አይደለም» አለ። ጣቴ ስቶ ይሆናል ብዬ ደገምኩ። አሁንም ትክክል አይደለም። ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ሲቀበለኝ የኖረ ዕቃ ዛሬ ምን ነካው?

ተሻለች ከወጥ ቤት ሆና «ጳጉሜን ከየት ያውቃታል? እነሱ ጋ ወሩ አሥራ ሁለት ነው» አለች።

ሳቅሁ። ከዚያ ሳቁ አፌ ላይ ቀረ። አሥራ ሦስተኛ ወር የማያውቅ ማሽን ሰኔንና ሐምሌንም አያውቅም። ሐምሌ 11 ስለው የነሱ ኖቬምበር አድርጎ ነው የያዘው። 1980 ስለው ደግሞ የኛ የዘንድሮው አይደለም፤ ለሱ 1980 ማለት የነሱ 1980፣ ስምንት ዓመት ያለፈው ነው! ከጥቅምት ጀምሮ እዚህ ቤት የጻፍኩት ሁሉ የስምንት ዓመት አሮጌ ተብሎ ተመዝግቧል። በተቋሙ ማሽን በሚያዝያ ያስቀመጥኩት በነሱ አቆጣጠር 1988 ይላል። ትእዛዙ የታዘዘውን በትክክል ፈጽሟል። የምዕራፎቹን ስም እያየሁ፣ ከጎኑ 1980 የሚለውን በዓይኔ በብረቱ እያየሁ፣ ዘንድሮ ነዋ እያልኩ አልፌዋለሁ። ሲስተሙ መጀመሪያ ከተጫነበት ቀን ጀምሮ አንድም ነገር አልጎደለውም። በከንቱ ነው ሁለቴ የጠረግኩት።

በኔ ቀን ይነሳ ብዬ የተኩራራሁት እኔ ነኝ። የቤቱን ፍሎፒ አስገብቼ፣ ቀን ሳይል ሁሉንም እንዲገለብጥ አዘዝኩት። ምዕራፍ አምስት ከነ ውኃ አከፋፋዮቹ መጣ።

«ዳነ?» አለች ተሻለች።

«ዳነ።»

«ታዲያ ምነው ፊትህ?»

ደክሞኝ ነው አልኳት። እውነትም ደክሞኝ ነው። የገጹን ዳር ትንሽ ሰፋ ላድርገው ብዬ መጽሐፉን ስከፍት ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። «ዛሬ ፍሬይ ነኝ፣ ሥራ የለኝም» አለች። «መደምደሚያውን ጻፍ። እኔ ከዚህ አልነሳም።» አልተነሳችም። ዳሩን ሳልነካ ጻፍኩ።


ጳጉሜ 3፣ ሐሙስ

አስረከብኩ።

ማተሚያው ትናንት ሙሉ ቀን ሲንጫጫ ዋለ፤ አሮጊቷ ዱላቸው ተሰበረ መሰለኝ፣ ወደ ኋላ ላይ ተዉን። የግርጌ ማስታወሻዎቹ በየገጹ እግር ላይ ቁጭ ብለዋል። ሲያምሩ! ፕሮፌሰሩ አገላብጠው አገላብጠው ማስታወሻዎቹን ሳያዩ መደምደሚያውን አነበቡ። «ጥሩ ነው» አሉ። ጸሐፊዋ ጽሑፉን ማስረከቤን የሚመሰክር ማኅተም ያለበት ወረቀት ሰጠችኝ።

«ወደ አገርህ መቼ ነው?» አሉኝ ፕሮፌሰሩ።

ማሽኑ ተበላሽቷል እንዳልላቸው ጽሑፉን በእጃቸው ይዘውታል።


ጳጉሜ 4፣ ዓርብ

አበጋዝን አገኘሁት። ራሴ ነኝ የደወልኩለት። ዴን ሃግ ጣቢያው አጠገብ ያለ ቡና ቤት ተቀመጥን። ረጋ ያለ፣ ከኔ በዕድሜ የሚያንስ ሰው ነው። ሰላምታውን እንደጨረሰ ይቅርታ ልጠይቅ ስል በእጁ አስቆመኝ።

«ጋሽ ሽባባው በሰኔ መጨረሻ ተጠሩ» አለ። «የተላከበት ጊዜ አልፏል፣ ልጁ ከድቷል ወይስ አልከዳም ብለው አፋጠጧቸው። እስከ ነሐሴ አጋማሽ ቀን ሰጧቸው። ‹ጽሑፉን አስረክቧል የሚል አንድ ወረቀት ከትምህርት ቤቱ ይምጣልኝ› ነው ያሉኝ። በደብዳቤና በስልክ አይሆንም፣ ሰው ይሰማል፤ በአካል ንገረው አሉኝ።»

ወረቀቱ የኮቴ ኪስ ውስጥ ነበር። እጄ እዚያው ላይ ሄደ።

«ሁለት ጊዜ ደወልኩ። ስልክ የምታነሳዋን ሴት አላውቃትም። እንዲህ ያለ ነገር ለማላውቀው ሰው እንዴት ልናገር?»

«ባለቤቴ ናት» አልኩት።

«እሳቸው አያውቁም?»

«አያውቁም።»

አበጋዝ ስኳሩን እያማሰለ የሆነውን ነገረኝ። ጋሽ ሽባባው ከመምሪያ ኃላፊነታቸው ተነስተው አሶሳ ተመድበዋል። ደብዳቤው ባለፈው ሳምንት ደርሷቸዋል። አዲስ ዓመትን ከልጆቻቸው ጋር ውለው ይሄዳሉ። የስኳር በሽታ አለባቸው፤ አሶሳ መድኃኒት የለም። ይህን አበጋዝ አልነገረኝም፣ እኔ የማውቀው ነው።

ባቡር ውስጥ ሐምሌን ወደ ኋላ ቆጠርኩት። አሮጌው ፕሮግራም ያትም ነበር። መደምደሚያው የፈጀብኝ አንድ ማክሰኞ ነው። ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።


ጳጉሜ 5፣ ቅዳሜ

ለተሻለች ሁሉንም ነገርኳት። ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ ለማያውቋት ሰው። እኔ ደግሞ አላለቀስኩም፤ ጽዋ አጠብኩ፣ መስኮት ወለወልኩ። እመለሳለሁ፣ ሄጄ እግራቸው ላይ እወድቃለሁ አልኩ። ትንሽ ቆይቼ ደግሞ እንደነሱ አነጋገር የከዳሁት ከድቻለሁ፣ ብመለስም አሶሳን አላስቀርላቸውም አልኩ። ሁለቱንም ስል ውዬ መሸ።


መስከረም 1 ቀን 1981፣ እሑድ

ጠዋት አዲስ አበባ ደወልኩ። ሲጠፋ ሲመጣ ቆይቶ በመጨረሻ ጋሽ ሽባባው ራሳቸው አነሱ። ከኋላቸው ልጆቻቸው ሲዘፍኑ ይሰማል።

«እንኳን አደረሰዎት ጋሼ። ማንደፍሮ ነኝ።»

«እንኳን አብሮ አደረሰን። ጨረስክ?»

«ጨረስኩ።»

«ተመስገን። አባባ ቢኖሩ ደስ ይላቸው ነበር።»

ስለ አሶሳ ልናገር፣ ይቅር ይበሉኝ ልል አፌን ከፈትኩ። ያለቀስኩት ያን ጊዜ ነው። እንደ ልጅ። እሳቸው እስክጨርስ ጠበቁኝ፤ የስልኩ ሂሳብ እየበላ ጠበቁኝ።

«ይበቃል» አሉ። «አበጋዝ ነግሮኛል፤ አሁን ስልክ የምታነሳዋን ልጅ አቅርብልኝ።»

ስልኩን ለተሻለች ሰጠኋት። ነጠላዋን አስተካክላ ቆማ ተቀበለች። የሷን ብቻ ነው የምሰማው።

«አቤት… እንኳን አብሮ አደረሰን… አዎ፣ እኔ ነኝ… ሁለት ዓመት… የጎንደር ልጅ ነኝ… የለም፣ እንዲቀር ለምኜው አላውቅም፣ እንዲሄድም አላልኩትም… እሺ… እሺ፣ እነግረዋለሁ። ለርስዎም ዓመቱን የሰላም ያድርግልዎ።»

ዘጋች።

«ምን አሉሽ?»

«ቤተ ዘመድ ነሽ አሉኝ። ላንተ ደግሞ መልእክት አለህ፤ ‹ልሂድ ይበል፣ ልቅር ይበል፣ የሱ ነው። ከእንግዲህ ግን በኔ አያሳብብ በይልኝ።›»

ተቀመጥኩ። እሷም ተቀመጠች። ወደ ውጭ ብናይ ዝናብ ነው፤ ትራሙ ሲያልፍ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ።

«አልሄድም» አልኳት።

«ለምን?»

ጋሽ ሽባባው፣ ልል አልኩ። የመንግሥቱ ሁኔታ፣ ልል አልኩ። አንቺ፣ ልል አልኩ። የማንንም ስም አልጠራሁም። መሄድ ስለማልፈልግ ነው አልኳት።